የክለቡ ስህተት ካሳ አለው፤ የልጁስ?

የአሜሪካ ቤዝቦል ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ በደረሰ ቁጥር ጋዜጠኞችና ተንታኞች አንድ የተለመደ ዝርዝር ያወጣሉ። ክለቡ ባለፉት ዓመታት በመጀመሪያው ዙር ማንን መረጠ? በየቱ ተሳካለት? በየቱ ከሰረ? ከአንዱ ስም አጠገብ "የተሳካ"፣ ከሌላው አጠገብ "የከሸፈ" ይጻፍና ሒሳቡ ይዘጋል።

በዚህ ሒሳብ የሂዩስተን አስትሮስን ያህል የተወደሰ ክለብ ጥቂት ነው። ትረካው እንዲህ ይላል፦ ክለቡ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከ100 ጨዋታ በላይ ተሸነፈ፤ በሽንፈቱ የመጀመሪያውን ምርጫ እያገኘ ወጣቶችን ሰበሰበ፤ በ2017 ዋንጫ አነሳ፤ በ2022 ደገመው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ታግሦ መሸነፍ ጥበብ ነው የሚለው ስብከት ከዚያ ወዲህ ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርቷል።

ትረካው ያምራል። ግን የሒሳቡ ግማሽ ጎድሏል። ክለብ ሲስት ምን እንደሚያገኝ፣ ልጅ ሲሳትበት ምን እንደሚያጣ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የጎደለው ግማሽ ሲጨመር የሂዩስተን ታሪክ ኪሳራን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ የማሸከም ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

▪️ ድራፍት ማለት ምን ማለት ነው?

እግር ኳስ የለመደ ሰው ነገሩ መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባዋል። በእግር ኳሱ ዓለም ጎበዝ ወጣት ሲገኝ ፈላጊ ክለቦች ይሻሙበታል፤ ልጁና ቤተሰቡም የሚሻላቸውን ይመርጣሉ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ደግሞ ከግርጌ የሚቀሩት ሦስት ክለቦች ይወርዳሉ። መሸነፍ ያስቀጣል።

በአሜሪካ ቤዝቦል ሁለቱም የሉም። 30ዎቹ ክለቦች ምንም ቢሸነፉ አይወርዱም። በ1965 በተጀመረው ድራፍት ደግሞ ክለቦቹ ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከፖርቶ ሪኮ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። ለረጅም ዘመን ተራው የሚያዘው የዓምናው ውጤት ተገልብጦ ነበር፤ ከሁሉ የባሰው ከሁሉ ይቀድማል።

የተመረጠው ልጅ ከመረጠው ክለብ በቀር ከማንም ጋር መደራደር አይችልም። የቀረበለትን ይፈርማል፤ አለዚያ ኮሌጅ ገብቶ ወይም ሌላ ቦታ ተጫውቶ የሚቀጥለውን ድራፍት ይጠብቃል። አሠሪው ሠራተኛውን ይመርጣል፤ ሠራተኛው አሠሪውን አይመርጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይባል። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች ሊጉ ለእያንዳንዱ ተራ ዋጋ ይተምናል። የክለቡ በጀት የእነዚህ ዋጋዎች ድምር ነው። ከአንዱ ልጅ ላይ የተቆረጠ ብር ለሌላው መጨመር ይቻላል። የሚከተለው ታሪክ ሁሉ ከዚህች ቀዳዳ የወጣ ነው።

▪️ የተሳቱት

በ1992 የመጀመሪያው ምርጫ የሂዩስተን ነበር። በዘመኑ ታላቅ ኳስ ወርዋሪ የነበረውና በኋላ ለክለቡ ተጫዋች መልማይ የሆነው ሃል ኒውሃውዘር በሚሺጋን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይቶ ይህን ልጅ እንዲወስዱ አለቆቹን ወተወተ። ልጁ ዴሪክ ጂተር ነው። ክለቡ ልጁ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል ብሎ ሰጋና ፊል ኔቪንን መረጠ። ኔቪን ለሂዩስተን የተሰለፈው በ18 ጨዋታዎች ብቻ ነው። ጂተር በስድስተኛ ተራ ለኒው ዮርክ ያንኪስ ደረሰ፤ አምስት ዋንጫ አነሳ፤ 3,465 የተሳኩ ምቶች አስመዘገበ። ኒውሃውዘር አዝኖ ሥራውን ለቀቀ። በዚያ ስህተት ከቤቱ የወጣው ትክክል ያየው ሰው ነበር።

በ2009 ክለቡ በ21ኛ ተራ ጂዮቫኒ ሚየርን ወሰደ። ሚየር ሜጀር ሊግ አልደረሰም። ከአራት ተራ በኋላ ሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ማይክ ትራውትን አነሳ፤ ትራውት ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። እርግጥ በዚህ ሂዩስተን ብቻውን አይወቀስም፤ ትራውትን ያለፉት ብዙዎች ናቸው።

በ2013 እንደገና የመጀመሪያው ምርጫ ሂዩስተን እጅ ገባ። የስታንፎርዱ ወርዋሪ ማርክ አፔል ተመርጦ 6.35 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። ቀጥሎ ቺካጎ ካብስ ክሪስ ብራያንትን ወሰደ። ብራያንት በ2016 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ ካብስም በዚያው ዓመት ከ108 ዓመት ጥበቃ በኋላ ዋንጫ በላ። አፔል በታችኛው ሊግ ሲንገላታ ቆይቶ በ2015 መጨረሻ ወደ ፊላደልፊያ ተሸጋገረ፤ በ2018 ጨዋታውን ተወ።

"የከሸፈ" የሚለው ማኅተም ያረፈው በአፔል ስም ላይ ነው። ግን አፔል ራሱን አልመረጠም። ብራያንትን ያለፈው እሱ አይደለም። የፈረደው የክለቡ ቢሮ ነው፤ የፍርዱን ስም የተሸከመው ግን የ21 ዓመቱ ወጣት ነው። አፔል በ2021 ተመለሰ፤ በሰኔ 2022፣ በ30 ዓመቱ፣ ለፊላደልፊያ ሜጀር ሊግ ተሰለፈ። ስድስት ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ቢሆንም ስሙ በተነሳ ቁጥር ያቺ ማኅተም ትቀድመዋለች።

▪️ የኤይከን ክርን

እነዚህ ሁሉ ግን የተለመዱ ስህተቶች ናቸው። ሰው ይሳሳታል፤ የ18 ዓመት ልጅ ወደፊት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የሥርዓቱን ገበና የሚያወጣው የ2014ቱ ጉዳይ ነው።

በዚያ ዓመት ሂዩስተን ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ የመጀመሪያውን ምርጫ አገኘ። የወሰደው ከሳንዲያጎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣውን ግራኝ ወርዋሪ ብሬዲ ኤይከንን ነው። ዕድሜው 17 ነበር። በ6.5 ሚሊዮን ዶላር መስማማታቸው ተዘገበ። ለመፈረም ወደ ሂዩስተን ሄደ፤ የሕክምና ምርመራም ተደረገለት። ከዚያ ክለቡ የክርኑ ጅማት አሳስቦኛል አለ።

ቀጥሎ የተዘገበው ዋጋ ወደ 3.1 ሚሊዮን የወረደ ነበር። ይህ ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። በደንቡ መሠረት ክለቡ ለተራው ከተተመነው ዋጋ 40 በመቶ ካቀረበና ልጁ ካልፈረመ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምትክ ምርጫ ያገኛል። የተራው ዋጋ 7.9 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ 40 በመቶው 3.1 ሚሊዮን ይመጣል። ማለትም የቀረበው ዋጋ ካሳ ለማግኘት የሚያስፈልገው ትንሹ ዋጋ ነው። በመጨረሻው ቀን ክለቡ ወደ 5 ሚሊዮን ከፍ ማድረጉ ተዘገበ። ልጁ አልፈረመም። የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ ሳይፈርም የቀረ ተጫዋች ከ1983 ወዲህ የመጀመሪያው ሆነ።

ጉዳቱ በእሱ አላበቃም። በአምስተኛው ዙር የተመረጠው ጄኮብ ኒክስ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ነበር። የኒክስ ገንዘብ ሊገኝ የሚችለው ኤይከን ከተራው ዋጋ ባነሰ ሲፈርም በሚተርፈው ነው። ኤይከን ሳይፈርም ሲቀር የተራው ዋጋ በሙሉ ከበጀቱ ተቀነሰ፤ ኒክስን ማስፈረም ክለቡን የወደፊት ምርጫዎች የሚያስከፍል ሆነ። ስለዚህ ምንም ሕመም ያልተገኘበት ልጅም ቃል የተገባለትን አጣ። አቤቱታ አቀረበ፤ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ኒክስ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ክለብ ተመርጦ በ2018 ሜጀር ሊግ ደረሰ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ስመ ጥር የስፖርት መጽሔት ሂዩስተን በ2017 ዋንጫ ይወስዳል ብሎ በሽፋኑ ላይ በተነበየበት ሰሞን ነው። ሽፋኑ የሚታወሰው ትንቢቱ ስለሠመረ ነው። ኒክስን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው።

▪️ ካሳው የማን ሆነ?

በመጋቢት 2015 ኤይከን የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያው ዓመት ክሊቭላንድ በ17ኛ ተራ መረጠው፤ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ተከፈለው። ሜጀር ሊግ አልደረሰም።

ሂዩስተንስ? ለልጁ አለመፈረም በካሳ መልክ የ2015ቱን ሁለተኛ ምርጫ ተቀበለ። በዚያች ምርጫ አሌክስ ብሬግማንን ወሰደ። ብሬግማን በ2017ቱ ወርልድ ሲሪስ አምስተኛውን ጨዋታ በመጨረሻ ምቱ የቋጨው፣ በሁለቱም ዋንጫዎች ውስጥ ዓምድ የነበረው ሦስተኛ ቤዝ ተጫዋች ነው።

እንግዲህ ዝርዝሩን አውጡና ተመልከቱ። በብዙዎች ሒሳብ ኤይከን "የከሸፈ"፣ ብሬግማን "የተሳካ" ተብለው በሁለት መስመር ተጽፈዋል። አንድ መስመር ናቸው። ሁለተኛው የተገዛው በመጀመሪያው ክርን ነው። ክለቡ ከሳተ በኋላ ከቀድሞው የተሻለ አገኘ፤ ልጁ ከተመረጠ በኋላ የነበረውንም አጣ። አንዱ ወገን ሲስት የሚካስበት፣ ሌላው ወገን ሲታመም የሚቀጣበት ጨዋታ "ዕድል" አይባልም።

የክለቡ ጠበቆች መልስ አላቸው፤ መልሱም ቀላል አይደለም።

አንደኛ፣ "የክለቡ ሐኪሞች ትክክል ነበሩ፤ ጅማቱ ተበጥሷል" ይላሉ። እውነት ነው። ግን ጥያቄው ማን በትክክል አየ የሚለው አይደለም፤ ጉዳቱን ማን ይሸከም የሚለው ነው። ኤይከን እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ነፃ ቢሆን ኖሮ፣ በምርመራው ውጤት ያልተስማማው ክለብ ወደ ኋላ ይል ነበር፤ ልጁም በማግስቱ ለሌሎች 29 ክለቦች ራሱን ያቀርብ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ክርኑን አይቶ 5 ሚሊዮን ይከፍል ወይም ላይከፍል ይችላል። ልጁ ግን ዋጋውን የሚያውቀው ከገበያ እንጂ ከአንድ ገዢ አፍ አይሆንም ነበር። ገዢው አንድ ብቻ በሆነበት "ዕቃህ ተሰንጥቋል" ባዩም፣ ዋጋ ቆራጩም፣ ሻጩ እምቢ ሲል ካሳ ተቀባዩም ያው አንድ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ "5 ሚሊዮን ቀርቦለት እምቢ ያለው ራሱ ነው" ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያይ ውሳኔው አስቆጭቷል። ነገር ግን የ17 ዓመት ልጅ አንድ ዋጋ ተነግሮት፣ ሻንጣውን ይዞ ሄዶ፣ ከግማሽ በታች ወርዶበት፣ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሲል እንደገና ከፍ ሲልለት፣ ያንን ክለብ ባያምን የሚገርመው ማንን ነው? መጀመሪያ የፈረሰው እምነቱ ነው።

ሦስተኛ፣ "ድራፍት ባይኖር ሀብታሞቹ እነ ያንኪስና ዶጀርስ ጎበዙን ሁሉ ይጠቀልሉት ነበር" ይላሉ። ከሦስቱ የሚከብደው ይህ ነው። ግን መልሱ ራሱ በደንቡ ውስጥ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ክለብ ለወጣቶች የሚያወጣው ገንዘብ ዛሬም ጣሪያ አለው። ጣሪያው ይቆይ፤ ለደካማው ክለብም ከፍ ይበል። ሚዛኑ በገንዘብ ጣሪያ ከተጠበቀ የልጁን ምርጫ መንጠቅ ለምን አስፈለገ?

▪️ "በመሸነፍ አሸነፉ" የሚለው ተረት

ከሁሉ በላይ መፈተሽ ያለበት ግን ያ ሁሉ ሽንፈት አስፈላጊ ነበር የሚለው ነው። ሂዩስተን በ2011 106፣ በ2012 107፣ በ2013 111 ጨዋታ ተሸነፈ። በሦስት ዓመት 324 ሽንፈት። በመስከረም 2013 አንድ የቴሌቪዥን ጨዋታው በከተማው የተመልካች መለኪያ 0.0 ሆኖ ተመዘገበ። የከተማው ሕዝብ ትኬት ገዝቶ እንዲያይ የተጋበዘው ይህንን ነበር።

ሽንፈቱ ካርሎስ ኮሬያን አምጥቷል፤ አይካድም። በ2012 ክለቡ የ17 ዓመቱን የፖርቶ ሪኮ ልጅ በመጀመሪያ ተራ መርጦ፣ ለተራው ከተተመነው 7.2 ሚሊዮን ባነሰ በ4.8 ሚሊዮን አስፈረመው፤ በተረፈውም ወርዋሪውን ላንስ መከለርስን ያዘ። ብልህ ሥራ ነበር።

ግን የ2017ቱን ቡድን አንድ በአንድ ቁጠሩ። የዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆሴ አልቱቬ ነው። አልቱቬ በድራፍት አልመጣም። በቬኔዝዌላ በሙከራ ልምምድ ላይ በቁመቱ ማነስ ወደ ቤቱ ተሸኝቶ፣ በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ፣ በ2007 በ15,000 ዶላር የፈረመ ልጅ ነው። ዳላስ ካይክል፣ በ2015 የሊጉን ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት የወሰደው፣ በ2009 በሰባተኛው ዙር የተገኘ ነው። የ2017ቱ ወርልድ ሲሪስ ኮከብ ጆርጅ ስፕሪንገር በ2011 በ11ኛ ተራ ተመርጧል። ሦስቱም የተገኙት "የብልህ ሽንፈት" ዘመን መሪዎች ከመምጣታቸው በፊት ነው። ጀስቲን ቨርላንደር ደግሞ በነሐሴ 2017 መጨረሻ ከዲትሮይት በዝውውር መጣ።

እነዚያው አዲስ መሪዎች በመጋቢት 2014 ጄ.ዲ. ማርቲኔዝ የተባለውን መቺ በነፃ አሰናበቱት። ማርቲኔዝ በ2017 ለሌሎች ክለቦች 45 ሆም ረን መታ። አዲስ ዕንቁ ለመልቀም 111 ጨዋታ የተሸነፈ ክለብ በእጁ የነበረውን ዕንቁ ጣለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው።

ከዚያ ቅጣቱ መጣ። በጥር 2020፣ ክለቡ በ2017 የተጋጣሚን ምልክት በካሜራ እየሰረቀ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ በመደብደብ ለመቺዎቹ ያሳብቅ እንደነበር ተረጋግጦ፣ 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ የ2020ና የ2021 የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ምርጫዎቹንም ተነጠቀ። ጄኔራል ማናጀሩ ጄፍ ሉናውና አሠልጣኙ ኤ.ጄ. ሂንች ለአንድ ዓመት ታግደው ወዲያው ተባረሩ። ማለትም ለትረካው ዘውድ የሆነችው ዋንጫ ራሷ ንጹሕ አይደለችም።

የሚያስገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ምርጫዎቹን የተነጠቀው ክለብ በ2022 እንደገና ዋንጫ በላ። ዋና ወርዋሪዎቹ ፍራምበር ቫልዴዝና ክሪስቲያን ሃቪየር እያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር የተከፈላቸው የዶሚኒካን ልጆች ናቸው። የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ጄረሚ ፔኛ በሦስተኛው ዙር የተመረጠ ነው። 6 ሚሊዮን የተከፈለባቸውን ዓይኖች ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች፣ ያዳናቸው 10,000 የተከፈለበት ክንድ ነው። ለዚያ ክንድ 10,000 ብቻ መከፈሉም ሌላ የሒሳብ ጉድለት ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

▪️ ምን ይደረግ?

ሊጉ ጥፋቱን በከፊል አምኗል። ከ2023 ድራፍት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተራዎች በዕጣ እንዲወጡ ተደርጓል፤ መጨረሻ መውጣት አንደኛ ለመምረጥ ዋስትና መሆኑ ቀርቷል። ከድራፍቱ በፊት የሕክምና ምርመራ ያደረገ ተጫዋችም ለተራው ከተተመነው ዋጋ ቢያንስ 75 በመቶ እንዲቀርብለት ሆኗል።

ለዚህ የተደረሰው ግን ሌላ ልጅ ከተጎዳ በኋላ ነው። በ2021 ኒው ዮርክ ሜትስ በአሥረኛ ተራ የመረጠው ኩማር ሮከር በ6 ሚሊዮን መስማማቱ ከተዘገበ በኋላ፣ ክለቡ ምርመራውን አይቶ ምንም ሳያቀርብለት ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ሜትስ 11ኛውን ምርጫ በካሳ ወሰደ። ኤይከን ላይ የሆነው ከሰባት ዓመት በኋላ በሌላ ልጅ ተደገመ።

75 በመቶው ከ40 ይሻላል። ነገር ግን ይህን ዋስትና ለማግኘት ልጁ ማንም ምንም ሳይከፍለው በፊት ሰውነቱን ለክለቦቹ ገልጦ ማሳየት አለበት። አሠሪውንም ዛሬም አይመርጥም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ነገር መስተካከል አለበት። የተስማማበትን ዋጋ ከምርመራ በኋላ የቀነሰ ክለብ ካሳ አይቀበል፤ በራሱ ውሳኔ የተወውን ሊጉ ለምን ይተካለታል? ዋጋው የተቀነሰበት ልጅ ደግሞ በዚያው ቀን ከ30ዎቹም ክለቦች ጋር የመደራደር ነፃነት ያግኝ። ይህ ማንንም ክለብ አያከስርም። የሚያሳጣቸው ስህተታቸውን በልጅ ስም የመመዝገብ መብታቸውን ብቻ ነው።

የሚቀጥለው ድራፍት ሲደርስ ዝርዝሩ እንደገና ይወጣል። እገሌ ተሳካ፣ እገሌ ከሸፈ ይባላል። "ከሸፈ" ከተባለው ስም ሥር አንድ ጥያቄ መጻፍ ይበቃል፦ ካሳውን ማን ወሰደ?